«ፓይለት እሆናለሁ» ለሚሉ ልጆች ወላጆች

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂዎችን በመወከል የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ከታክሲ ነጂዎች አንድ ሰው ይናገር» ብሎ ሲጠይቀን መጀመሪያ የመሰለን ስለ ሥራችን እንድንናገር ነበር። ስለ ታክሲ ከተነሣ ግን ኡበርና ሊፍት ያመጡብንን ጣጣ ሳናነሣ አንቀርም፤ ያ ደግሞ በበዓል ቀን የሚወራ አይደለም። በመሆኑም ወረፋ ላይ ቆመን ዘወትር የምንከራከርበትን ሌላ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ልጆቻችንን ኮሌጅ አስገብቶ የንግድ አውሮፕላን አብራሪ ስለማድረግ ነው።

ይህ ነገር ታክሲ ነጂን ምን ያገባዋል የሚል አይጠፋም። እኛ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ይዘን የምንውል ሰዎች ነን። ትከሻው ላይ አራት መስመር ያለው ካፒቴን ሻንጣውን እየጎተተ መጥቶ ከኋላ ወንበራችን ይቀመጣል፤ የት እንደተማረ፣ ስንት ዓመት እንደበረረ፣ ዕዳውን ጨርሶ መክፈል አለመክፈሉን ሳይቀር ያጫውተናል። ደግሞም ከመካከላችን ብዙዎቻችን አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብተን የነበርን ነን። በአገራችን አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲበተኑ ከግቢ ወጥተው እስከ ዛሬ ያልተመለሱ አሉበት። ትምህርት ከግማሽ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ በወሬ የሰማነው ነገር አይደለም። የፌዴራሉ የበረራ ሕግ ደግሞ ማንም እንዲያነበው የታተመ ነው፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ የሚነበብ ነገር ለሚፈልግ ሰው ከእሱ የረዘመ የለም። አንብበነዋል።

ካነበብነውና ካየነው የወጣው ነገር ይህ ነው። ኮሌጅ የሚሰጠው ዲግሪ ነው። አብራሪ የሚያደርገው የበረራ ሰዓት ነው፤ ሰዓት ደግሞ አንድ በአንድ በገንዘብ ይገዛል። ብዙ ወላጅ ልጁን ኮሌጅ ሲያስገባ ሁለቱንም የገዛ ይመስለዋል። ዕዳ ላይ ፈርሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲደነግጥ ያየነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ። ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ አገር አብራሪነት በደረጃ የሚወጡት መሰላል ነው። 16 ዓመት የሞላው ልጅ አስተማሪው ከፈቀደለት ብቻውን መብረር ይችላል። በ17 ዓመቱ የግል አብራሪነት ፈቃድ ሊወስድ ይችላል፤ ለዚህም ሕጉ ቢያንስ 40 ሰዓት በረራ ይጠይቃል። ይህ ፈቃድ ጓደኛን አሳፍሮ ለመብረር እንጂ ገንዘብ ተቀብሎ ለመሥራት አይሆንም፤ እኛ የሐክ ፈቃድ ሳይኖረን በግል መኪናችን ሰው ጭነን ሒሳብ መቀበል እንደማንችለው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደመና ውስጥ ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ መብረር የሚያስችለው ኢንስትሩመንት ሬቲንግ ይከተላል። ከዚያ 18 ዓመት ሲሞላና 250 ሰዓት ሲደርስ የኮሜርሻል ፈቃድ ይመጣል። ሥርዐተ ትምህርቱን የፌዴራል አቪየሽን አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍ ኤ ኤ፣ ያጸደቀለት ትምህርት ቤት ከሆነ 190 ሰዓት ይበቃል። ይህን ዓይነቱን ትምህርት ቤት በሕጉ ቁጥር «ክፍል 141» ይሉታል። በየደረጃው የጽሑፍ ፈተና አለ፤ 70 ከመቶ ያላገኘ ወድቋል። ከጽሑፉ ቀጥሎ መርማሪ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጠይቅበት የቃል ፈተና፣ በመጨረሻም ከመርማሪው ጋር አውሮፕላን ላይ ወጥቶ የሚፈተኑት አለ።

ወላጅ ድግስ የሚደግሰው ልጁ የኮሜርሻል ፈቃዱን ይዞ ሲመጣ ነው። ፎቶግራፍ ተነሥቶ አገር ቤት ይላካል። ነገር ግን ያ ልጅ ዩናይትድ ወይም ዴልታ ሄዶ ቢያመለክት ከበሩ አያልፍም። የተሳፋሪ አየር መንገድ ላይ በረዳት አብራሪነት እንኳ ለመቀመጥ የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያም 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ከ250 እስከ 1,500 ያለው መንገድ ነው ቤተሰብ የሚያደክመው።

ይህ ሕግ ዱሮ አልነበረም። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ኮልገን የሚባል አነስተኛ አየር መንገድ አውሮፕላን በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ቤት ላይ ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ዋሽንግተን እየተመላለሱ የሕግ መወሰኛውን በር አንኳኩተው በ2010 ሕግ አስወጡ፤ የ1,500 ሰዓቱ ግዴታ ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የበረሩ ነበሩ። ስለዚህ ሕጉ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እኛም ወረፋ ላይ ሁለት ቦታ ተከፍለናል። ልጃችሁን የሚመለከተው ግን ሕጉ መኖሩ ነው።

ኮሌጅ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ለተወሰኑ ሰዎች ሰዓቱን ይቀንስላቸዋል። በአቪየሽን የባችለር ዲግሪ የያዘ፣ ከዚያም ውስጥ 60 ክሬዲት የበረራ ነክ ትምህርት የወሰደ፣ የኢንስትሩመንትና የኮሜርሻል ሥልጠናውን ከዚያው ከኮሌጁ ጋር በተያያዘ ክፍል 141 ትምህርት ቤት ያጠናቀቀ ሰው በ1,000 ሰዓትና በ21 ዓመቱ ረዳት አብራሪ ለመሆን ይፈቀድለታል። የሁለት ዓመት ዲግሪ ላለው 1,250 ነው። ከጦር ኃይሉ ለመጣ አብራሪ 750 ይበቃል። ታዲያ ይህ ቅናሽ የሚሠራው ኮሌጁ ራሱ ከኤፍ ኤ ኤ የፈቃድ ደብዳቤ ካለው ብቻ ነው። «የአቪየሽን ፕሮግራም አለን» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣትና ደብዳቤው በእጅ መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጃችሁን ይዛችሁ ኮሌጅ ስትጎበኙ ስለ መኝታ ቤቱና ስለ ምግቡ ከመጠየቃችሁ በፊት ደብዳቤውን አሳዩን በሉ። ኤፍ ኤ ኤ ዝርዝሩን ለሕዝብ ያወጣል፤ ማመሳከር አያሳፍርም።

እነዚህ 500 ሰዓቶች ዋጋቸው ስንት ነው? ጀማሪ አብራሪ ሰዓት የሚያጠራቅመው በአብዛኛው ሌሎችን በማስተማር ነው። ሌላ ሥልጠናና ሌላ ፈተና አልፎ የበረራ አስተማሪ ይሆናል፤ ተማሪው ከሚከፍልበት በረራ አስተማሪውም ሰዓቱን ይመዘግባል። አንድ አስተማሪ በወር 60 ሰዓት በረረ እንበል። 500 ሰዓት ወደ ስምንት ወር ከሩብ ይሆናል ማለት ነው። በአየር መንገድ ቤት ደግሞ መስመሩ፣ ዕረፍቱ፣ ካፒቴንነቱ ሁሉ በቅጥር ቀን ቅደም ተከተል ነው፤ እንደ ታክሲ ወረፋ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ስምንት ወር ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ለስምንት ወር ብሎ የአራት ዓመት የኮሌጅ ክፍያ መክፈል ያዋጣል ወይ የሚለውን እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱ ያስላ። ዴልታ በ2022 መጀመሪያ ላይ የአራት ዓመት ዲግሪን ከግዴታነት አውጥቶታል፤ እንደ ተመራጭ ግን ያየዋል። ከሁለቱ ወገን እኛ የምናደላው ዲግሪ ይኑረው ወደሚለው ነው። የምናደላበትም ምክንያት አብራሪ ጤናው አንድ ቀን ከታወከ ፈቃዱ ዋጋ ስለሚያጣ ነው። ያኔ የሒሳብ አያያዝ ወይም የምሕንድስና ዲግሪ እንጀራ ይሆናል፤ በረራ ብቻ የተጻፈበት ዲግሪ ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ብዙ አያስከብርም።

አሁን ደግሞ ስለ ሜትር እንናገር፤ ይህንን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለምና።

የሥልጠና አውሮፕላን፣ ሴስና 172ም ሆነ ፓይፐር፣ ልክ እንደ ታክሲያችን ሜትር አለው። ሆብስ ይሉታል። ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ ይቆጥራል፤ አንድ ሰዓት በ10 ተከፍሎ በየ6 ደቂቃው አንድ ቁጥር ያልፋል። ታክሲ ቀይ መብራት ላይ ቆሞም እንደሚቆጥር ሁሉ አውሮፕላኑም መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ የመቆጣጠሪያ ማማውን ፈቃድ ሲጠብቅ ይቆጥራል። ለምሳሌ ያህል የአውሮፕላኑ ኪራይ በሰዓት 180 ዶላር፣ የአስተማሪው 70 ዶላር ነው ብለን እንያዝ፤ አንዷ ቁጥር 25 ዶላር ናት። አንድ ተማሪ ሥራ በሚበዛበት አውሮፕላን ማረፊያ ተመዝግቦ በ150 በረራ ላይ በየጊዜው 12 ደቂቃ ቆሞ ቢጠብቅ 30 ሰዓት ሆነ፤ በአውሮፕላኑ ኪራይ ብቻ 5,400 ዶላር ነው። ሰዓቱ በሎግቡክ ላይ መጻፉ እውነት ነው፤ ልጁ ግን በዚያ ጊዜ የተማረው መጠበቅን ነው፤ ያንን እኛም በነጻ እናስተምረው ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትመርጡ የሰዓቱን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ከሞተር መነሣት እስከ መነሻ በአማካይ ስንት ደቂቃ ነው በሉ። አስተማሪዎቹ ስንት ናቸው፣ አውሮፕላኖቹ ስንት ናቸው፣ ለጥገና ሲገቡ ተለዋጭ አለ ወይ፣ ለፈተና መርማሪ ለማግኘት ስንት ሳምንት ይጠበቃል ብላችሁ ጠይቁ።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ከ2001ዱ የመስከረም ጥቃት ወዲህ በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ እስከ 30 የባሕር ማይል ያለው ሰማይ ልዩ ጥበቃ አለው፤ ትንሿ ሴስና እንኳ አስቀድማ የበረራ ዕቅድ ሳታስመዘግብና መለያ ቁጥር ሳትቀበል አትገባም። ለተማሪ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው ይላሉ፤ ሜትሩ ግን በዚያም ላይ አይቆምም። ክረምቱም አለ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚበር ልጅ ያንኑ ቀን ደመና ካበላሸበት ያለፈውን ረስቶ ይመለሳል፤ ለተማረው ነገር ሁለተኛ ይከፍላል። ገንዘቡ ሙሉ ሳይሆን መጀመር፣ ጀምሮም ማቋረጥ፣ ከሁሉ የበለጠ ውድ የሆነው መንገድ ነው።

የኮሌጆች የበረራ ክፍያ ከትምህርት ክፍያው ተለይቶ የሚጻፍ ነው፤ ሁሉም ፈቃድ እስኪያልቅ ለበረራው ብቻ ወደ 100,000 ዶላር የሚጠጋበት ወይም የሚያልፍበት ቦታ ጥቂት አይደለም። በመጽሔታቸው ላይ የሚያወጡት ግምት ብዙ ጊዜ በሕጉ ዝቅተኛ ሰዓት የተሰላ ነው። በ40 ሰዓት የግል ፈቃዱን የሚያገኝ ልጅ ግን እንደ ብርቅ ነው።

ከማኅበራችን ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ፣ ስሙን አንጠራም፣ ሌላ ክፍለ ግዛት ባለ ኮሌጅ ገብቶ ነበር። የግል ፈቃዱን በ68 ሰዓት ወሰደ፤ ይህ ምንም ነውር የለበትም፤ በርካታ ደህና አብራሪዎች ከዚያ በላይ ፈጅቶባቸዋል። ነገር ግን ግምቱ የተሰላው በ40 ነበርና ገንዘቡ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጎደለ። አስተማሪዎቹ ሰዓታቸው ሲሞላ ወደ አየር መንገድ እየሄዱ ሦስት ጊዜ ተቀያየሩበት፤ አዲሱ አስተማሪ በመጣ ቁጥር ልጁ የሚችለውን እንዲያሳይ ሁለትና ሦስት በረራ ይወጣል። ወሰነ ትምህርቱ ያልቃል፣ በረራው አላለቀም፣ እንደገና ክፍያ። በሁለት ዓመት ተኩል ኢንስትሩመንቱን አገኘ፤ ኮሜርሻሉን ሳይደርስ ብድሩ ቆመ። 161 ሰዓት ይዞ ቤቱ ተመለሰ። አባቱ ከእኛ ጋር ወረፋ ላይ ነው የሚውለው፤ ብድሩ በአባትየው ስም ነው፤ ሌሊት የሚጨምራት ፈረቃ ለእርሷ ናት።

ብድሩ በአባትየው ስም ነው ያልነውን አስምሩበት። የፌዴራሉ መንግሥት በወላጅ ለሚረዳ ተማሪ በራሱ ስም የሚያበድረው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ 7,500 ዶላር ነው። ይህ ለበረራ ሁለት ወር አያቆይም። የቀረውን ወላጅ ፓረንት ፕላስ በሚባለው ብድር ይሞላዋል፤ ያ የወላጁ የራሱ ዕዳ ነው፤ ልጁ ካፒቴን ቢሆንም ወደ ልጁ አይዞርም። በ2025 በወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይህ ብድር ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000 ዶላር፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር እንዳያልፍ ተወስኗል። ከዚያ የተረፈው ከባንክ ነው፤ ባንክ ደግሞ ዋስ ይጠይቃል። በአገራችን ዋስ መሆን ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እዚህም ያው ነው። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር የፌዴራል የትምህርት እርዳታና ብድር የሚሠራው እውቅና ባለው ኮሌጅ በኩል እንጂ በየመንደሩ አውሮፕላን ማረፊያ ላለው የግል የበረራ ትምህርት ቤት አለመሆኑ ነው። የግሉ ይረክሳል፤ ግን ከኪስ ነው።

ከኪስ ስትከፍሉ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትክፈሉ። «ቀድማችሁ ከከፈላችሁ እንቀንስላችኋለን» ይላሉ። በፌብሩዋሪ 2008 ኔቫዳ ውስጥ ዋና መሥሪያ ቤቱ የነበረው ሲልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ በአንድ ቀን በሩን ሲዘጋ ከ2,000 የሚበልጡ ተማሪዎች ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ዕዳቸውን ታቅፈው ቀሩ። በበረሩት ልክ መክፈል ያለ ነው፤ ታክሲ ላይ ተሳፍሮ የወሩን ሒሳብ አስቀድሞ የሚከፍል ሰው አላየንም።

ወደ ልጁ እንመለስ። የበረራ ሰዓት እንደ ወተት አይበላሽም፤ ከተጻፈ ተጽፏል። 161ዱ ሰዓት ዛሬም የእርሱ ነው፤ የግል ፈቃዱም አላረጀም። ኮሌጁን ባለመጨረሱ የ1,000 ሰዓቱ ቅናሽ ቀርቶበታል፤ 1,500 ይጠብቀዋል። ኮሜርሻሉን ለመድረስ ግን 89 ሰዓት ነው የቀረው፤ በ180 ዶላር ብናሰላው 16,020 ዶላር፣ ከዚያ በላይ የአስተማሪና የመርማሪ። የወረፋችን ዕቁብ በዚህ ዓመት የመጀመሪያውን ዕጣ ለአባትየው እንዲሆን ተስማምተናል። ልጁ ቀን ሻንጣ እየጫነ ከሥራ መልስ ያጠናል። ይድረስ አይድረስ ገና አናውቅም።

ገንዘቡን ከማሰብ በፊት ግን ጤናው ይቅደም። አንድ ዶላር ለትምህርት ቤት ሳትከፍሉ ልጃችሁን ኤፍ ኤ ኤ ወደፈቀደለት ሐኪም ወስዳችሁ የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀት እንዲያወጣ አድርጉ። ለኮሜርሻሉ ሁለተኛ ደረጃ ይበቃል፤ ለአየር መንገድ ካፒቴንነት የሚያስፈልገው ግን አንደኛው ስለሆነ ከአሁኑ ይታወቅ። መነጽር ይከለክላል የሚለው የአገር ቤት ወሬ እዚህ አይሠራም፤ በመነጽር 20/20 ካየ ያልፋል። ቀለም መለየት ግን ይፈተናል። ብዙ ቤተሰብ ያልጠበቀው ነገር ሌላ ነው፦ ልጁ 9 ወይም 10 ዓመት ሳለ «ክፍል ውስጥ አይረጋጋም» ተብሎ የተሰጠው የኤ ዲ ኤች ዲ መድኃኒት ነው። ይህ የተጻፈበት ልጅ ረጅም ምርመራና ወጪ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱም አያልፍም። ልጁ በእውነት ሕመሙ ካለበት መድኃኒቱን ከልክሉት አላልንም፤ ጤና ከበረራ ይበልጣል። ነገር ግን አስተማሪ በአንድ ስብሰባ ስላለች ብቻ ሳትመረምሩ አትፈርሙ። የሕክምናውን ቅጽ ሲሞላም ምንም አይደብቅ፤ በዚያ ቅጽ ላይ መዋሸት እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል የፌዴራል ወንጀል ነው።

ከኋላ ለተቀመጣችሁት ልጆች አንድ ቃል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2015፣ ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ማሪዋናን ለአዋቂዎች ፈቅደዋል። ኤፍ ኤ ኤ አልፈቀደም። ጠጥቶ መኪና ሲነዳ የተያዘ አብራሪም በ60 ቀን ውስጥ ራሱ ለኤፍ ኤ ኤ ማሳወቅ አለበት።

ዜግነት ያላገኛችሁም አላችሁ። አሜሪካዊ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለው ጭምር፣ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ከትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ከቲ ኤስ ኤ፣ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። አሻራ ይሰጣል፣ ይከፍላል፣ ይጠብቃል። ከዚህ ውጭ ከማንም ያላነሰ መብት አለው።

«ለምን አዲስ አበባ ልከን አናስተምረውም?» የምትሉ አላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ተቋቁሞ በኤፕሪል 1946 ወደ ካይሮ ሲበር አብራሪዎቹ የዚህ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ ሆኑ፤ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በእዚያ ሥርዐት አየር መንገዱ ራሱ በአካዳሚው መርጦ ያሠለጥናል፤ የጨረሰው በጥቂት መቶ ሰዓት ከካፒቴን ጎን ተቀምጦ ሥራውን ይማራል። በ2019 በረራ 302 ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ ረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ብቻ ነበረው እያሉ እዚህ አገር የተሳለቁ ነበሩ፤ ካፒቴኑ ከ8,000 ሰዓት በላይ እንደነበረው ግን አላነሱም። ቆይቶ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋ የነበረው የአውሮፕላኑ የራሱ ሥርዐት መሆኑ ታወቀ፤ ቦይንግም በጃንዋሪ 2021 ሠራተኞቹ ስለዚሁ ሥርዐት ኤፍ ኤ ኤን ማሳሳታቸውን አመነ። ያ መንገድ ያስመሰገነ መንገድ ነው። ሆኖም ልጃችሁ ተመልሶ እዚህ አየር መንገድ ላይ ለመሥራት ካሰበ፣ የበረረው ሰዓት ይቆጠርለታል እንጂ የኮሜርሻል ፈቃዱ እንዳለ አይዛወርለትም፤ ፈተናዎቹን እንደገና ይቀመጣል።

ሥራውስ አለ ወይ? በ2022 እና በ2023 አየር መንገዶቹ ሰው አጥተው የጀማሪ ደመወዝ በጣም ከፍ አድርገው ነበር። በ2024 ቅጥሩ ቀዘቀዘ። ይህ ሥራ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ልጃችሁ ዛሬ ጀምሮ ሰዓቱ የሚሞላው ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ ስለሆነ የዛሬውን ገበያ አይታችሁ አትቸኩሉ፣ አይታችሁም አትተዉ።

ይህን ሁሉ ስንናገር ልጆቻችሁን ከሰማይ አውርዱ ማለታችን የመሰለው ካለ አልተግባባንም። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ቺካጎ ያለው የበረራ ትምህርት ቤት በቀለሙ አልቀበል ሲለው እዚያው የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገብቶ ክፍሉን እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። በኋላ አስገቡት። በ1935 አገራችን ስትወረር መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ፤ ከጦርነቱም በኋላ በ1944 ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ አስተማረ፤ በ1954 እዚያው ሳለ በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ። የተማረበት የቱስኪጊ ኮሌጅ በረራ እንዲያስተምር ከወተወቱት ሰዎችም አንዱ እርሱ ነበር። እኛን አብራሪ ካደረጉን ሰዎች አንዱ መጥረጊያ ይዞ ነው የጀመረው።

ዛሬ መጥረጊያ ሳይያዝ የሚጀመርበት መንገድ አለ። ከ12 ዓመት ጀምሮ ልጆች ሲቪል ኤር ፓትሮል በሚባለው ድርጅት ካዴት ሆነው ያለ ክፍያ የመተዋወቂያ በረራ ይወጣሉ። በ1976 የተቋቋመው የጥቁር አቪየሽን ባለሙያዎች ድርጅት፣ ኦባፕ የሚሉት፣ የነጻ ትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ ለሴቶች ልጆቻችንም ዊመን ኢን አቪየሽን አለ። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የሆነው ደላዌር ስቴት የራሱ አውሮፕላኖች አሉት፤ ሄዶ ማየት ነዳጅ ብቻ ይጠይቃል። ከ8 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ደግሞ ያንግ ኢግልስ የሚባል አለ፤ በጎ ፈቃደኛ አብራሪዎች በራሳቸው አውሮፕላን ልጁን አሳፍረው በነጻ ያበሩታል፤ ከ1992 ጀምሮ ያለ ነው። ልጁ በእውነት ይወደው እንደሆነ ወይም ዩኒፎርሙን ብቻ ወዶት እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል፤ የሚያስታውከውም ያን ጊዜ ያስታውከው።

ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ አስቀምጠናል። በሚመጣው የያንግ ኢግልስ ቀን ልጁን መላክ የሚፈልግ ወላጅ የልጁን ስምና ዕድሜ ይጻፍ፤ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። እንደ ዛሬው ሰው ብዛት 20 ልጅ ቢሞላ አምስት ታክሲ ይበቃል፤ አምስታችን ተመዝግበናል። የምትመጡት ጠዋት በ1 ሰዓት ማኅበሩ በር ላይ ነው፤ ሜትር አይነሣም። ዝናብ ከጣለ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው።